ጫትና አረቄ አብረው ሲመጡ፦ በጅማ ሱስ የሚታከምባቸው መንገዶች

ቤተሰብ በሱስ የተያዘ ሰው ይዞ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚለው "የሚያስተወውን መድኃኒት ስጡልን" ነው። ከጭንቀት የመጣ ልመና ስለሆነ አይፈረድበትም። ሆኖም ሱስን በአንድ ኪኒን የሚነቅል መድኃኒት የለም። ያለው በየተራ የሚሰጥ ሕክምና ነው፤ መጀመሪያ ሰውነት ከለመደው ነገር ያለ አደጋ ይላቀቃል፣ ቀጥሎ ሰውየው ወደ ልማዱ የሚመልሱትን ነገሮች አንድ በአንድ እየለየ መላ ያበጅላቸዋል፣ ከዚያ ወራት የሚወስድ ክትትል ይመጣል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ስለጨረሰ ብቻ "ዳነ" ይባላል። እኛ ግን ዋናው ሕክምና የሚጀመረው በዚያ ሳምንት ማግስት ነው ብለን አጥብቀን እንናገራለን።

ጅማ ላይ ሥራውን የሚያከብደው ሱሱ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ከምሳ በኋላ ጫት ይያዛል፣ በምርቃናው ላይ ሲጋራ ይደራረባል፣ ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲል ለጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን ለማብረድ፣ ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል፣ ጠዋት የከበደውን ራስ የሚያነቃው ደግሞ ያው ጫት ነው። መጠጡን አቁሞ ጫቱን የቀጠለ ሰው ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ካጣ በኋላ መጠጥ ቤት ተመልሶ ይገኛል። ጫቱን ብቻ ያቆመውም ድብርቱን ሊያስታግስ መጠጡን ያበዛል። ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ስለ አንዱ ብቻ አትንገሩ፤ የሚወሰደውን ሁሉ፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን የእንቅልፍ ኪኒን ጨምሮ፣ ዘርዝሩ። ሕክምናው የሚታቀደው በዚያ ዝርዝር ላይ ነው።

መጠኑን በትክክል ማወቅ

"ትጠጣለህ?" ሲባል "አልፎ አልፎ" የማይል የለም። ጥያቄው ሌላ መሆን አለበት፤ "ጋሼ፣ ጠዋት ሲነሡ እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ትንሽ ሳይቀምሱ ቁርስ ይወርድልዎታል?" ሲባሉ ብዙዎች ዝም ይሉና ቀስ ብለው እውነቱን ያወጣሉ። የጠዋት መንቀጥቀጥ በመጠጥ ጸጥ የሚል ከሆነ ሰውነት ጥገኛ ሆኗል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በራሱ ፈቃድ ድንገት ማቆም የለበትም።

የአልኮልን መጠን ለማስላት የመጠጡን ሚሊ ሊትር በጥንካሬው ፐርሰንት አባዙ፣ ለ100 አካፍሉ፣ ከዚያ በ0.8 አባዙት፤ ውጤቱ ግራም ነው። ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ ባለ 5 ፐርሰንት ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል አለው። ጥንካሬው 40 ፐርሰንት የሆነ ግማሽ ሊትር አረቄ ደግሞ 160 ግራም ነው፣ የ12 ጠርሙስ ቢራ ያህል። "እኔ በቀን ግማሽ ሊትር ብቻ ነው" የሚል ሰው ይህ ስሌት ሲሠራለት ደንግጦ ያያል። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከአንዷ አውጪ ወደ ሌላዋ ስለሚለያይ ስሌቱ ግምት ነው፤ ግን ከምንም ይሻላል።

በጤና ተቋም የሚሞላ ባለ 10 ጥያቄ የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅም አለ፤ የሚታሰበው ከ40 ነው። 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ አጠጣጡ ለጉዳት የሚያጋልጥ ነው፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥገኝነት ሊኖር ስለሚችል ሙሉ ምርመራ ያስፈልጋል። ዝቅ ያለ ነጥብ ላለው ሰው ጤና ጣቢያ ላይ የሚሰጥ አጭር ምክር እንኳ ለውጥ ያመጣል። ሁሉም ሰው አልጋ አይያዝለትም።

ሲቆም የሚገድለውና የማይገድለው

በድንገት ሲቆሙ ሕይወት ሊያጠፉ የሚችሉት አልኮልና እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ናቸው። ጫት፣ ሐሺሽና ሲጋራ ሲቆሙ ሐራራቸው ያሠቃያል እንጂ በራሱ አይገድልም። ይህን ልዩነት ቤተሰብ ሁሉ ቢያውቀው ብዙ ሰው ይተርፋል፤ ምክንያቱም ቤት ዘግቶ ማስተው የሚሞከረው በብዛት በጠጪው ላይ ነው።

የአልኮሉ ሰዓት እንዲህ ይሄዳል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ያስመልሳል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውየውን እንደሚጥል በሽታ አንዘፍዝፎ ሊጥለው ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ደግሞ ከሁሉ የከፋው አለ፤ ያለበትን ቦታና ቀን ያጣል፣ ግድግዳ ላይ ነፍሳት ሲሄዱ ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል። ይህን ቤተሰብ "ለከፈው" ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። መቼ መጠጣት እንዳቆመ ሲጠየቅ ግን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሆኖት ይገኛል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ከጣለው በጎኑ አስተኙት፣ አንገትጌውን አላሉ፣ ጭንቅላቱ ሥር ልብስ አኑሩ። ክብሪት አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ውኃ አትክተቱ፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል፣ ውኃው ሳንባ ይገባል። ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ መኪና ፈልጉ። አንዴም ቢሆን የጣለው ጠጪ፣ ቢነቃም፣ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ጸበል ወይም ሩቅያ የሚሄድን ሰው አትሂድ አንልም፤ እምነቱ ብዙዎችን አጽንቶ አቁሟል። አደጋው ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በየቀኑ ሲጠጣ የከረመን ሰው ያለ መድኃኒት፣ በባዶ ሆድ ማክረም ከላይ ለተጻፈው ሁሉ ያጋልጠዋል። መጀመሪያ የሳምንቱን ሕክምና ይጨርስ፣ ከዚያ ይሂድ። ጾም ሲገባ በአንድ ቀን "ቁርጥ" ለሚሉትም ምክሩ ያው ነው፤ ሐኪሙን ከጾሙ አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ቢያዩ ይሻላል።

የመጀመሪያው ሳምንት

ቤት ሆኖ መላቀቅ የሚቻለው ለማን ነው? ቀደም ሲል ሲያቆም ጥሎት ወይም ቃዥቶ ለማያውቅ፣ ዓይኑ ቢጫ ላልሆነ፣ ሆዱ ላልተነፋ፣ የእንቅልፍ ኪኒን ጎን ለጎን ለማይወስድ፣ ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ለሌለው፣ ከጎኑ የማይጠፋ የማይጠጣ አዋቂ ላለው ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ፣ ወይም እርጉዝ ከሆነች፣ ወይም በቅርቡ ጭንቅላቱን ከተመታ፣ አልጋ ይይዛል። እንዲሁ "ይሞከር" የሚባል ነገር አይደለም።

መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ ዳያዜፓም ነው። በተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን እስከ 40 ሚሊ ግራም ድረስ ተከፋፍሎ ይሰጥና ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ እየቀነሰ ይቆማል። መጠኑን የሚወስነው ያየው ሐኪም ነው፤ ጉበቱ ለተጎዳና ላረጀ ሰው ይህ መጠን ብዙ ነው። ተኝቶ ሲታከም ነርሷ በየሰዓታቱ መንቀጥቀጡን፣ ላቡን፣ ጭንቀቱን፣ የሚያየውንና የሚሰማውን እያየች ነጥብ ትሰጣለች፣ መድኃኒቱም በነጥቡ ልክ ከፍና ዝቅ ይላል። ቤት ከሆነ ኪኒኑን የሚይዘው አስታማሚው ነው፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን የበለጠም በእጁ ባይኖር ይመረጣል።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ኪኒኑን ውጦ አረቄ ይጨምርበታል፤ ሁለቱ ተደራርበው ትንፋሽ ያቆማሉ። ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ቀን ደህና መስሎ ስለታየ መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ በሦስተኛው ቀን ቅዠቱ ይመጣል። ሦስተኛ፣ እንቅልፍ ስለሰጠው ከሳምንቱ አልፎ በራሱ እየገዛ ለወራት ይቀጥላል፣ በመጠጡ ፋንታ የኪኒን ሱሰኛ ይሆናል። የመጨረሻው ጫት የሚቅሙት ላይ በብዛት የሚታይ ነው፤ ዳያዜፓሙ የጨብሲውን ቦታ ይይዛል።

ከዳያዜፓም እኩል የሚያስፈልገው፣ ግን የሚረሳው፣ ቲያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1 ነው። አረቄ ጠጪ ብዙ አይበላም፣ የበላውንም ሰውነቱ በደንብ አይቀበለውም። ቢያንስ በቀን 100 ሚሊ ግራም ለ5 ቀን ይዋጣል፤ ክፉኛ ለከሳና ለሚያስመልሰው በመርፌ ይሰጣል። ደክሞታል ተብሎ ባዶውን ግሉኮስ መስቀል ጉዳት አለው። ቲያሚኑ ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ መሰጠት አለበት፤ አለበለዚያ የቀረችው ጥቂት ቫይታሚን ትሟጠጥና አንጎል ይጎዳል። ምልክቱ ዓይን መንቀዋለል፣ ሳይጠጡ መንገዳገድና ግራ መጋባት ነው። በጊዜ ካልታከመ የማስታወስ ችሎታው ላይመለስ ይችላል። ቤተሰብ "ቲያሚን ታዟል ወይ?" ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

መጠጡ ከተቋረጠ በኋላ ፍላጎትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ። ናልትሬክሶን በቀን 50 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፤ ጉበት ይታያል፣ ትራማዶል ወይም ሌላ የኦፒየም ዘር ማስታገሻ ለሚወስድ አይሰጥም። አካምፕሮሴት በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ሲሆን ኩላሊት መታየት አለበት። ዳይሰልፊራም ግን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ከጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል፣ ልብ ሕመም ያለበትን ሊገድለውም ይችላል። ጠላም፣ አልኮል ያለበት የሳል ሽሮፕም ይህን ያስነሣሉ፣ ኪኒኑ ከቆመ በኋላ እስከ 2 ሳምንት ድረስ። ስለዚህ ሰውየው ሳያውቅ በወጥ ወይም በሻይ ደብቆ መስጠት ወንጀል ያህል አደገኛ ነው፤ ከሚስትም ከእናትም የሚመጣ ልመና ስለሆነ በግልጽ እንጻፈው። ከሦስቱ ማንኛውም ከመታሰቡ በፊት ለወራት ሳይቋረጥ ይገኝ እንደሆነ ፋርማሲ ጠይቁ።

ጫት ላይ

ለጫት ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት በየትም አገር የለም። ይህ ማለት አይታከምም ማለት አይደለም፤ ሕክምናው በንግግር፣ በልማድ ለውጥና በእንቅልፍ ላይ ያተኩራል ማለት ነው።

ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይተኛል፣ ይርበዋል፣ ሰውነቱ ይዝላል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል። ይህ ባብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ቤተሰብ "ሰነፈ፣ ከመቃሙ ባሰበት" ብሎ የሚያማርረው በዚሁ ጊዜ ነው፣ አንዳንዴም "ትንሽ ቅማና ሥራህን ሥራ" ብሎ ገንዘብ ይሰጣል። እባካችሁ ታገሡት። ከሁለት ሳምንት በኋላም ድብርቱ ካልለቀቀ፣ ወይም መኖርን መጥላት ከጀመረ፣ ያ ሐራራ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሕመም ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው።

በአንዴ ማቆምም በቀስታ መቀነስም ይቻላል። ሰዎች ይከታተሉኛል የሚል፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ደም ግፊቱ ከፍ ያለ ወይም ልቡ የታመመ ሰው በአንዴ ማቆም አለበት። የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጫቱን ከቀጠለ መድኃኒቱ የሚገነባውን ጫቱ ያፈርሰዋል፤ ሐኪሙም ሳያውቅ መጠኑን እየጨመረ ይሄዳል። ለሌላው በ3 ወይም በ4 ሳምንት መቀነስ ይመቻል፣ የመጨረሻው ቀን አስቀድሞ ከተቆረጠ። ቀን ያልተቆረጠለት ቅነሳ አያልቅም።

ቅነሳው ሲጀመር መጀመሪያ የሚነካው ሰዓቱ ነው። ከ7 ሰዓት የሚጀምር ሰው ወደ 9 ሰዓት ይግፋው፣ ግን 11 ሰዓት ላይ ይነሣ። ቀጥሎ መጠኑ በየሳምንቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ቀን ያለ ጫት ይዋላል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ግማሽ ገዝቶ የሌላውን ገራባ (ተቅሞ የተረፈውን) የሚለቅም ሰው አልቀነሰም፣ ገራባም ይቆጠራል። ቤት ውስጥ ለነገ ተብሎ የሚቀመጥ ጫት አይኑር። ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ከበርጫው ጋር ስለሚሄዱ እነሱም ፍላጎት ይቀሰቅሳሉ። ቡና አገር ሆነን ቡና ተው ለማለት ይከብዳል፤ ቢያንስ ከ8 ሰዓት በኋላ አይጠጣ፤ እንቅልፍ ሳይስተካከል ሌላው ሁሉ አይስተካከልም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከሰዓት በኋላ ያለው ባዶ ጊዜ ነው። በርጫ ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ጓደኛ ነው፣ ወሬ ነው፣ የሥራ ድርድር ነው። ያንን ሰዓት የሚሞላ ነገር፣ ከሌላ ሰው ጋር የሚሠራ፣ ከሚያቆምበት ቀን በፊት መገኘት አለበት። "ቤትህ አርፈህ ተቀመጥ" የሚለው ምክር የማይሠራው ለዚህ ነው።

የንግግር ሕክምናው ምን ይሠራል

ብዙ ሰው ምክር ማለት ተግሣጽ ይመስለዋል። ታካሚው "ይጎዳሃል" መባልን ከእናቱም ከጎረቤቱም ሰምቶ ጠግቧል። ባለሙያ የሚጠይቀው ጫቱ ወይም መጠጡ ምን እንደሰጠውና ምን እንደወሰደበት ነው፤ ለማቆም ያለውን ምክንያት ራሱ በአፉ እንዲያወጣው ይደረጋል። ቀጥሎ ደብተር ይያዛል። ፍላጎቱ የመጣበት ሰዓት፣ ቦታውና አብሮት የነበረው ሰው፣ የተሰማው ስሜት፣ ያደረገው ነገር፤ አራት ዓምድ፣ ሁለት ሳምንት። መጻፍ የማይችል በስልኩ ድምፅ ይቅዳ። ሲነበብ አብዛኛው ሰው ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ ብቻ እንደሚወድቅ ያገኛል፤ ደመወዝ ቀን፣ ከሚስት ጋር ከተጣላ በኋላ፣ መርካቶ የሚያልፍበት መንገድ።

ለእያንዳንዱ መላ ይዘጋጃል። መንገድ ይቀየራል፣ ደመወዝ ለሌላ ሰው ይገባል። "በሞቴ አንዲት ቅጠል" ለሚል ጓደኛ የሚመለሰው ቃል አስቀድሞ ይለመዳል፣ ጮክ ተብሎ፣ ባለሙያው ጓደኛውን ሆኖ፤ "መድኃኒት ላይ ነኝ፣ አልችልም" በቂ ነው። ረዘም ያለ ማብራሪያ ክርክር ይከፍታል። ብርቱ ፍላጎት ብዙ ጊዜ ከ30 ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ያን ያህል ጊዜ ቦታ ቀይሮ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ደውሎ ማለፍ ይቻላል።

ሽልማትም ሕክምና ነው፣ በተለይ አነቃቂ ነገር ለሚወስዱ። ቤተሰብ የጫቱን ገንዘብ በየቀኑ አስቀምጦ ሳምንቱን ሳይቅም ለጨረሰ ሰው በተስማሙበት ነገር ይክፈለው። ከወደቀ ስድብ የለም፣ የዚያ ሳምንቱ ይቀራል፣ በማግሥቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። ቅጣት ሲጨመርበት መዋሸት ይጀመራል።

ይህ በሳምንት አንዴ፣ ለ2 ወይም ለ3 ወር ቢሆን ጥሩ ነው። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ የሚመጣ ሰው በየሳምንቱ ላይችል ስለሚችል የስልክ ክትትል አስቀድሞ ይደራደር፤ ከመቅረት ይሻላል።

ሐሺሽም የሚታከመው በዚሁ የንግግር መንገድ ነው። ትራማዶል ለየት ይላል፤ በቀን ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ሲወሰድ ሊጥል ይችላል፣ ሲቆምም በሐኪም እየተቀነሰ ነው መቆም ያለበት።

ማገገሚያ ማዕከል ገብቶ መክረም ቤቱና ሰፈሩ ለማያስችለው ሰው ይጠቅማል። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት የሚከታተል ሐኪም አለ? ቤተሰብ ይገባል? ከወጣ በኋላ ማን ይከታተለዋል? በሰንሰለት የሚያስር ወይም የሚመታ ቦታ ሕክምና አይደለም፣ ልጃችሁን አውጡት።

ከየት ይጀመራል

በጅማ የመጀመሪያው በር በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። የጤና መድኅን ያለው ሰው ሪፈር ወረቀቱን ከዚያ ሳይዝ ወደ ላይ ከሄደ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ተኝቶ ለሚታከምም አልጋ። ቅዠት፣ መጣል ወይም ራስን የማጥፋት ሙከራ ካለ ግን ሪፈር አይጠበቅም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ስትመጡ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የመጨረሻውን መጠጥ ሰዓት ጽፋችሁ፣ አብሮት የሚኖር አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ።

በቡና ገበሬና በነጋዴ ቤት ደግሞ የቀጠሮውን ወቅት አስቡበት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ላይ ገንዘብ በእጅ ይገባል፣ ማገርሸትም ይበዛል። በክረምት ያቆመ ሰው ለዚያ ወቅት ተጨማሪ ቀጠሮ ይያዝለት፣ የሽያጩንም ገንዘብ አብሮ የሚቀበል ሰው ይኑር።

ካገረሸበት ቀጠሮውን ሳይጠብቅ፣ ቢቻል በሁለት ቀን ውስጥ ይምጣ። አንድ ማታ መጠጣትና ወር ሙሉ መጠጣት አንድ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን የመጣን ሰው ዳያዜፓም ሳያስፈልገው መመለስ ይቻላል። ሳይጠጣ ወይም ትራማዶል ሳይወስድ የከረመ ሰው በድሮው መጠን እንዳይጀምር በተለይ ንገሩት፤ ሰውነቱ ልማዱን ስለተወ ያ መጠን አሁን ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል።